ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ ከአምቦ ትምህርት ቤት እስከ ብሔራዊ ቴአትር

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አቋርጦ አምቦ ይገባል። መንገደኛ አምቦን የሚያስታውሳት ከከርሠ ምድሯ በሚፈልቀው የማዕድን ውሃ ነው፤ ውሃው የከተማዋን ስም ይዞ በየአገሩ ማዕድ ይቀርባል። የኢትዮጵያን ቴአትር ታሪክ የሚያጠና ሰው ግን በዚህች ከተማ ሌላ ምንጭ ያገኛል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ የጻፈው ተውኔት በአምቦ ትምህርት ቤት ለመድረክ በቃ። ከተመልካቾቹም መካከል ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የተውኔቱ ርእስ «ንጉሥ ዲዮንስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» ነበር፤ ደራሲው ጸጋዬ ገብረ መድኅን።

ዲዮንስዮስ በጥንታዊቷ ሲራኩስ የነገሠ፣ ስሙ ከጭካኔ ጋር ተያይዞ በትምህርት ቤት ታሪኮች ሲነገር የኖረ ገዥ ነው። እንግዲህ ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ስለ ንጉሥ የጻፈውን ቃል ከንጉሥ ፊት አቆመው ማለት ነው። በልጅነት ሥራ ላይ የኋላ ዘመንን ትርጉም መጫን ተገቢ አይሆንም፤ ተማሪው በዚያ ቀን ያሰበው ምናልባት ቃሉ እንዳይጠፋበት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ መድረክና ዙፋን ፊት ለፊት የተያዩበት ያ አቀማመጥ በጸጋዬ ሕይወት ውስጥ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። በዙፋኑ በኩል የሚቀመጠው ተለዋወጠ፤ በመድረኩ በኩል የሚቆመው ቃል ግን ከቦዳና ከአምቦ የመጣው ያው ቃል ነበር። ያ ቃል ከምን እንደ ተሠራ፣ በማን አንደበት እንደ ተነገረ፣ ምን ዋጋም እንዳስከፈለ መመርመር የአንድን ሰው ሕይወት ብቻ ሳይሆን የዘመናዊ ቴአትራችንን ዕድል መመርመር ነው።

ጸጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ሆኖታል፤ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ከተረሸኑ ደግሞ 19 ቀናት ብቻ አልፈዋል። በዚያው በጅባትና ሜጫ ምድር እንደ ጃገማ ኬሎ ያሉ ጢማቸውን ገና ያላበቀሉ ወጣቶች ዱር ቤቴ ብለው ጠላትን የሚፋለሙበት ዘመን ነበር። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ያሳለፈው በወረራ ሥር ነው። በኋላ በተውኔቶቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው የሞት ደጃፍ ንግግር፣ የመጨረሻይቱ ሰዓት ኑዛዜ፣ የአገር እሪታ፣ ከዚህ አፈር የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። ልጁ በአንድ ቤት ሁለት ልሳን ሰምቶ አደገ። እንደ ባላገር ልጅ ሁሉ ከብት ጠበቀ፤ እንደ ቤተ ክህነት ደቀ መዝሙር ደግሞ ግዕዝ ቈጠረ። ሸንጎ ተቀምጦ በምሳሌ የሚከራከር ሽማግሌ፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ ሴት፣ ሰሙን ከወርቁ አዋሕዶ ቅኔ የሚዘርፍ ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ ለወደፊቱ ደራሲ ከመጽሐፍ በፊት የተገኙ መምህራን ናቸው። የጸጋዬን አማርኛ ከእኩዮቹ አማርኛ የሚለየው ኃይልም ምንጩ እዚህ ላይ ነው። ቃላቱን በአንድ ቋንቋ ቤት ብቻ እንደ ተወለደ ሰው ሳይሆን፣ ከሁለት ጎረቤቶች እንደ ተበደረና ለሁለቱም መመለስ እንዳለበት ሰው ይይዛቸዋል።

ይህ ልጅ የገባበትን መድረክ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። የዘመናዊው የአማርኛ ተውኔት ጥንስስ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያዘጋጁት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በእንስሳት አንደበት የአስተዳደርን ብልሹነት የነቀፈው ያ ሥራ በመኳንንቱ ዘንድ ቁጣን አስነሥቶ ታገደ። ስለዚህ ቴአትራችን ከልደቱ ጋር እገዳን ተዋወቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤና ሌሎች መምህራን ጥበቡን በትምህርት ቤቶች አቆዩት። ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ደግሞ ንግግርን፣ ዘፈንንና ቴአትርን ለአርበኝነት ቅስቀሳ አዋለ። በእነዚህ ዘመናት የነበረው ተውኔት በአመዛኙ መካሪ ነበር። ነገሥታትና መኳንንት፣ መልካም ምግባርና ክፉ ምግባር፣ በረዥም ንግግር ይፈራረቁበታል። ጫማ ጠራጊው፣ ተሸካሚው፣ የመንደሩ ሥራ ፈት ወደዚያ መድረክ የመውጣት ዕድላቸው ጠባብ ነበር።

ጸጋዬ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጀኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቺካጎ ከብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተመረቀ። የሕግ ዲግሪውን ይዞ ግን ወደ ችሎት አላመራም፤ መንገዱ ወደ ለንደኑ ሮያል ኮርትና ወደ ፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ቤቶች መራው። የሁለቱ ቤቶች ጠባይ የተለያየ ነው። ሮያል ኮርት በዚያ ወቅት የሠራተኛውን መደብ ቤትና የወጣቱን ቁጣ መድረክ ላይ በማውጣት የእንግሊዝን ቴአትር ያናወጠ ቤት ነበር። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ደግሞ የሞልዬርንና የራሲንን ቅርስ ተረክቦ ለንግግር ውበት የሚጠነቀቅ ጥንታዊ ቤት ነው። ጸጋዬ የሁለቱንም ይዞ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ከአንዱ የተናቀውን ሰው ወደ መድረክ የማውጣት ድፍረትን፣ ከሌላው ለስንኝ ክብር መስጠትን።

የጠበቀው ቤት ሰፊ ነበር። በጣሊያን ጊዜ «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ የተጀመረው ሕንፃ ተሻሽሎና ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመርቋል። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። መክፈቻውም የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ጸጋዬ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ድረስ የዚህ ቤት የሥነ ጥበብ ዳይሬክተር ሆኖ ሠርቷል። በነዚያ ዐሥር ዓመታትና በዙሪያቸው የወጡት ሥራዎቹ ብዛታቸውም ዓይነታቸውም ያስደንቃል። «በልግ»፣ «የሾህ አክሊል»፣ «ጆሮ ደግፍ»፣ «ሊስትሮ»፣ «እኝ ብዬ መጣሁ»፣ «የከርሞ ሰው»። ርእሶቹን ብቻ ያነበበ ሰው እንኳ መድረኩ ወደ ማን ሰፈር እንደ ወረደ ይገነዘባል። ጫማ ጠራጊው የርእስ ባለቤት ሆነ። በአዲሱ ከተማና በአሮጌው ልማድ መካከል የተቀረቀረው ትውልድ ራሱን በመድረክ ላይ አየ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጸጋዬ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ሲቀበል ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበር፤ በዕድሜም ከተሸላሚዎቹ ሁሉ ያንስ ነበር።

ከራሱ ድርሰቶች ጎን ለጎን የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት»ና «ማክቤዝ»፣ የሞልዬርንም ተውኔቶች ወደ አማርኛ መልሷል። የትርጉም ሥራው ለሁለት ነገር ጠቀመ። በአንድ በኩል አማርኛ የዓለምን ታላላቅ ሐሳቦች የመሸከም ጉልበት እንዳለው በተግባር አሳየ። በሌላ በኩል ስለ ሥልጣን፣ ስለ ክህደትና ስለ ተነጠቀ ዘውድ በግልጽ መናገር በማይቻልበት ጊዜ፣ የባዕድ አገር ንጉሥ ስለ ራሱ እየተናገረ የአገሬው ተመልካች የራሱን ነገር እንዲያስብ ዕድል ሰጠ። ሰምና ወርቅን ከቤተ ክህነት የተማረ ልጅ ይህን መንገድ ለማግኘት አልተቸገረም።

ተውኔት ግን በወረቀት ላይ አይኖርም። ሰው ይፈልጋል። ጸጋዬ በአማርኛ ግጥም ውስጥ «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ እስከ መሰየም የደረሰ ስልት አለው፤ ስምንት ቀለም በስምንት ቀለም ላይ እየደረበ የሚሄድ ረዥም ስንኝ ነው። ይህ ስንኝ ለዓይን ሳይሆን ለሳንባ የተጻፈ ነው። ተዋናዩ ትንፋሹን የት እንደሚሰበስብ፣ የት እንደሚለቅ ካላወቀ ቃሉ ያንቀዋል። ካወቀ ግን እንደ ማዕበል ይሸከመዋል። እንደ ወጋየሁ ንጋቱ፣ ደበበ እሸቱና ተስፋዬ ገሠሠ ያሉ ከያንያን ስማቸው የገነነበት ዘመን ይህ ዘመን ነው። ወጋየሁ ኋላ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ አገር በሙሉ የሰማው ድምፅ በቴአትር መድረክ የተገራ ድምፅ ነበር። በአንጻሩ የጸጋዬ አማርኛ ከብዷል፣ ቃላት ፈጥሯል፣ ተራው ተመልካች አይከተለውም የሚል ነቀፌታ ከብዙ ሐያስያን ተሰንዝሯል። ነቀፌታው ከእውነት የራቀ አይደለም። አንዳንዱ ስንኝ በአንድ መስማት የሚፈታ አይደለም። ሆኖም ያንኑ ስንኝ ከበቂ ተዋናይ አፍ የሰማ ሰው፣ ትርጉሙን ከመረዳቱ በፊት ስሜቱ እንደሚደርሰው ይመሰክራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሴቶች ድርሻ ተነጥሎ ሊነሣ ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት መቆሟ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ አጋማሽ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት ወደ መድረክ ስትወጣ ያን አጥር ጣሰች፤ በሙያዋም የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ተብላ ትጠራለች። ክራርን ራሷን በራሷ አስተምራ፣ በትወናም በዜማም አንቱ የተባለች ከያኒት ሆነች። ኅብረተሰቡ ግን እጁን እያጨበጨበ አፉን ያሽሟጥጥ ነበር። ምሽት ሲያደንቃት ያመሸው ሰው ጠዋት «አዝማሪ» ብሎ ሊሰድባት ይችላል። ጸጋዬ በእንግሊዝኛ ከጻፋቸው ተውኔቶች አንዱን ያንኑ የስድብ ቃል ወስዶ «አዝማሪ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይመስልም። ስድብ የነበረው ቃል ርእስ ሆነ። በርቶልት ብሬሽት ስለ «እናት ኩራዥ» የጻፈውን መነሻ አድርጎ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ሲያዘጋጅም፣ ጦርነትን የሚመዝነው በጄኔራሎች ዓይን ሳይሆን ልጆቿን አንድ በአንድ በምትነጠቅ እናት ዓይን ነው። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ እንዲጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸከማት ሴት መድረክ ላይ መገኘት ነበረባት። እነ አስናቀች የከፈሉት ዋጋ ለደራሲውም ጭምር መንገድ የጠረገ ነው። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ፣ ብዙ ሴቶች ያለ ነውር የሚመላለሱበትን መድረክ ትታ ነው።

አምቦና አካባቢዋ በጸጋዬ ሥራዎች ውስጥ በስም ሳይጠሩ እንኳ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመውና በእንግሊዝኛ የጻፈው ተውኔት ርእሱን ያገኘው ከኦዳ ዛፍ ነው። በኦሮሞ ባህል ኦዳ ጥላ ብቻ አይደለም። ሕግ የሚደነገግበት፣ ነገር የሚታይበት፣ እርቅ የሚወርድበት ሸንጎ ነው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቢሲልም የሚገኘው በዚያው በምዕራብ ሸዋ፣ በጌዶ በኩል ነው። በተውኔቱ ውስጥ ከዛፉ ሥር የሚነገረው ትንቢት አንድን ወጣት የበኩር ልጁን እንዲሠዋ ያዝዘዋል፤ እርሱም ልጅ እንዳይወለድ ከሙሽራው ይርቃል፤ ትእዛዙና ፍርሃቱ በመካከል የሚደቁሷት ሙሽራይቱን ነው። ጸጋዬ እዚህ ላይ የአባቶቹን ባህል አክብሮ ሲያሳይ፣ ባህሉ በሰው ላይ ሲከብድ የሚያደርሰውን ጉዳትም አልሸሸገም። ወገኑን የሚወድ ደራሲ እንዲህ ይጽፋል።

አዋሽም እንዲሁ ነው። ከጊንጪ አቅራቢያ የሚነሣው ይህ ወንዝ አገር አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ይቀራል። ጸጋዬ «እሳት ወይ አበባ» በተሰኘው የግጥም መድበሉ ውስጥ ለአዋሽ አንድ ግጥም ሰጥቶታል። ከልጅነት ቀዬው አጠገብ የሚፈልቅ ውሃ፣ ከመነሻው ታላቅ ሆኖ ከግቡ የማይደርስ ውሃ፣ ስለ ትውልዱ ለሚያስብ ገጣሚ ምን ሊመስለው እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በ1960ዎቹ መባቻ የተጻፈው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ደግሞ የልደቱን ወራት ይመልሳል። ጳጳሱ በመትረየስ ፊት ከመቆማቸው በፊት ያለችውን ሰዓት ይዞ፣ የሰውን ፍርሃትና የአገርን አደራ በአንድ ልብ ውስጥ ያፋጥጣል። የጸጋዬ አቡነ ጴጥሮስ ከሐውልት የወረዱ ሰው ናቸው። ይፈራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይወስናሉ። ከሰማዕትነታቸው 19 ቀን በኋላ የተወለደ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ያቺን ሰዓት በአንደበታቸው አስደገማት።

አሁን ወደ ዙፋኑ እንመለስ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማንኛውም ተውኔት መድረክ ከመድረሱ በፊት በሳንሱር ጠረጴዛ በኩል ያልፍ ነበር፤ የጸጋዬም ሥራዎች ከእገዳ አላመለጡም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ «ሀሁ በስድስት ወር» የዘመኑን ጥያቄ ይዞ ብቅ አለ። «አቡጊዳ ቀይሶ»ና «መልእክተ ወዛደር»ም ተከተሉ። ፊደል የቈጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሀሁና አቡጊዳ የትምህርት መጀመሪያ ናቸው፤ ደራሲው አዲሱን ዘመን ፊደል ቈጣሪ አድርጎ ሣለው። ፊደል ቈጣሪ ደግሞ ይሳሳታል፤ ስሕተቱን የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል። አዲሱ ሥልጣን ይህን ዓይነት መምህር አልወደደም። ጸጋዬ እሥርን ቀመሰ፤ ተውኔቶቹም እንደገና ከመድረክ ወረዱ። በ1970ዎቹ መባቻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ መሆኑ ግን ቃሉ በሌላ በኩል መውጫ ማግኘቱን ያሳያል። መድረኩ ሲዘጋበት ተዋንያንን ወደሚያፈራው ክፍል ገባ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ «ሀሁ ወይም ፐፑ»ን ይዞ ተመለሰ። በሦስት መንግሥታት ዘመን ጻፈ፤ ከሦስቱም ጋር ተጋጨ።

የታገደ መጽሐፍ በሣጥን ውስጥ ተደብቆ ቀኑን ሊጠብቅ ይችላል። የታገደ ተውኔት ግን እንዲህ አይደለም። ለሚናው የተዘጋጀው ተዋናይ ያረጃል፤ ለዚያ ወቅት የተነገረው ወርቅ ወቅቱ ሲያልፍ ሰም ብቻ ይቀራል፤ ሊያየው የነበረው ሕዝብ ይበተናል። ከሠላሳ በላይ ተውኔቶችን የጻፈ ደራሲ ሥራዎቹ በየጊዜው ከመድረክ ሲወርዱበት አገር ያጣችው ወረቀት አይደለም፤ ዳግመኛ የማይሰበሰቡ ምሽቶችን ነው። ስለ ጸጋዬ ታላቅነት ሲነገር ይህ ኪሣራ አብሮ ሊቈጠር ይገባዋል።

ጸጋዬ በኩላሊት ሕመም ምክንያት የመጨረሻ ዓመታቱን በአሜሪካ በሕክምና አሳልፎ፣ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ አረፈ። አስከሬኑም ወደ አገሩ መጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንድ የትምህርት ቤት መድረክ መሆኑን መምህራን ሊያስቡት ይገባል። በዚያ ቀን በአምቦ ከመምህራኑ አንዱ «ይህ ለንጉሥ ፊት አይሆንም» ብሎ ደብተሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ልጁ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት ያስቸግራል። በሆለታም፣ በጊንጪም፣ በጉደርም፣ በባኮም ዛሬ ደብተሩን ይዞ ከመምህሩ ደጅ የሚቆም ልጅ አይጠፋም።

የንጉሠ ነገሥቱ አጽም በ1993 ዓ.ም. ያረፈው በዚያው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። በአምቦ ትምህርት ቤት አንደኛው መድረክ ላይ ቃል ያቀረበ፣ ሌላኛው ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዳመጡ ሁለት ሰዎች፣ ዛሬ በአንድ ቅጥር ውስጥ ይገኛሉ። ቃሉም፣ መድረክ በተከፈተለት ቍጥር፣ ይነገራል።